ቀን ያልተቆረጠለት ቀጠሮ

ስሙኝ ወዳጆቼ። የሳር ቤት፣ የመካኒሳ፣ የጎፋ፣ የለቡና የጀሞ ሰዎች፣ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት እንዴት እንዳገኘች፣ ያንንም ያረቀቁት ሰው ማን እንደነበሩ ነው። የድሮ ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ጫፉ እዚሁ ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከወረዳችሁ ደጃፍ ድረስ ይመጣል።

ሳር ቤት ላይ በሩሲያዊው ባለቅኔ በፑሽኪን ስም የተሰየመውን አደባባይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የፑሽኪን ቅድመ አያት በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በታላቁ ጴጥሮስ ቤት ያደገ፣ ኋላም ጄኔራል የሆነ ሰው ነበር። እሱ ሩሲያ ከገባ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሌላ አፍሪካዊ ልጅ ወደዚያው አገር ተሻገረ። ይሄኛው የኛው ልጅ ነው። ስሙ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይባላል።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በተጉለት፣ ሰያ ደብር ተወለደ። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ሐረር ወርዶ ከራስ መኰንን ቤት ተጠጋ። በ1888 የአድዋ ክተት ሲታወጅ የራስ መኰንንን ጦር ተከትሎ ዘመተ፤ ያን ጊዜ ዕድሜው ከአሥራ ሁለት ዓመት አይበልጥም። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተላከና በፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ገብቶ መኮንን ሆኖ ወጣ። ከአሥር ዓመት በላይ እዚያው ኖረ። የሩሲያን ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻው ለመደው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህ ወጣት ሩሲያ በነበረበት ዘመን ሁለት ታላላቅ ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ ያስተማረችው አገር፣ ያቺ ግዙፍ ሩሲያ፣ በጃፓን ተሸነፈች። ትናንት ከዓለም ተዘግታ የኖረች የእስያ ደሴት የአውሮፓን ኃያል በምድርም በባሕርም ድል ነሣች። ሁለተኛው፣ በዚሁ ሽንፈት ማግስት የሩሲያ ሕዝብ ተነሣ፤ ዛሩም ተጨንቆ ዱማ የሚባል ምክር ቤት ለመፍቀድ ተገደደ። ንጉሥ ከሕዝብ ጋር በጽሑፍ ውል ሲገባ፣ ያም ውል ወዲያው ሲሸራረፍ፣ በዚያ ዘመን ፒተርስበርግ የኖረ ሰው ሁሉ አይቷል። ጃፓንና ሕገ መንግሥት፣ ሁለቱ ነገሮች፣ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በዚህ ሰው ብዕር ጫፍ ላይ ይገናኛሉ።

ተክለ ሐዋርያት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዐፄ ምኒልክ በሕመም አልጋ ይዘው ነበር። ከእንግዲህ አንቱ ልበላቸው፤ ልጅነቱ አልፏል። እንደገና አውሮፓ ተሻግረው እርሻ አጠኑ፤ ተመልሰውም በየሥራው ገቡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ከተሳተፉት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ጅጅጋን ገዙ። ቆይተው ጨርጨርን ገዙ፤ የዛሬዋን ጭሮ፣ አሰበ ተፈሪን ከተማ አድርገው የቆረቆሩም እሳቸው ናቸው። ጨርጨር ላይ የዘመናዊ አስተዳደር አርአያ የሚሆን ግዛት ለማቋቋም ደከሙ።

በ1913 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ሌላ ነገር አደረጉ። «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚል ተውኔት ጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል አዳራሽ አሳዩ። በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ተውኔት ነው። አውሬዎች ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን የቤተ መንግሥቱንና የሹማምንቱን ጉድ ነው። መኳንንቱ ገባቸው፤ ንግሥት ዘውዲቱም ተቆጡ፤ ተውኔት ማሳየትም ታገደ። እኚህ ሰው ሥልጣን ያለው ሰው ፊት እውነት መናገር ምን እንደሚያስከፍል ከሕገ መንግሥቱ አሥር ዓመት አስቀድመው በገዛ ራሳቸው አዩ ማለት ነው። ያን ያየ ሰው ሕግ ሊያረቅቅ ሲቀመጥ ምን ያህል ቃል እንደሚመዝን ገምቱት።

መጋቢት 24 ቀን 1922 ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኰንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ ጫኑ። የዓለም መንግሥታት እንግዶች ለዘውዱ በዓል አዲስ አበባ ገቡ። ተክለ ሐዋርያትም በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ ሕገ መንግሥት እንዲቆም ለንግሥቲቱ ሐሳብ አቅርበው እንዳልተሳካላቸው በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። አሁን ከልካይ የለም። ለምን ፈለጉት? ምክንያቱ ብዙ ነው። ኢትዮጵያ በ1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆናለች፤ በዓለም ፊት በሕግ የምትመራ አገር ሆና መታየት ነበረባት። በአገር ውስጥ ደግሞ በየጠቅላይ ግዛቱ እንደ ንጉሥ የሚኖሩ መሳፍንት አሉ። የአልጋው ወራሽ ማን እንደሆነ ግን በጽሑፍ አልተለየም፤ አንድ ንጉሥ በሞተ ቁጥር አገር ይታመሳል። ምኒልክ ሲታመሙ የሆነውን ሕዝቡ አልረሳም። ሕገ መንግሥቱ ለንጉሡ እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚፈታ መሣሪያ ነበር።

አርቅቁ የተባሉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ ሕግ አልነበራትም እንዳትሉኝ። ፍትሐ ነገሥት ነበር፣ ክብረ ነገሥት ነበር፣ የቤተ መንግሥቱም ሥርዓት ነበር። ምኒልክ በ1900 ሚኒስትሮች ሾመዋል። ያልነበረው የመንግሥትን ሥልጣን ከፋፍሎ፣ የሕዝቡን መብትና ግዴታ ቈጥሮ፣ አንቀጽ በአንቀጽ የሚያስቀምጥ አንድ ጽሑፍ ነው። እሳቸውም የሌላውን ዓለም ሕግጋት ተመለከቱ፤ ከሁሉ የቀረበ ሆኖ ያገኙት የጃፓንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የሜይጂ ሕገ መንግሥት ሰባት ምዕራፍና 76 አንቀጽ አለው። የኛው ሰባት ምዕራፍና 55 አንቀጽ ሆነ።

ጃፓን ለምን ተመረጠች? በዚያ ዘመን የተማሩት ኢትዮጵያውያን ዓይን ሁሉ ጃፓን ላይ ነበር። ጃፓን ነጭ አይደለችም፤ ቅኝ አልተገዛችም፤ ንጉሧንና ሃይማኖቷን ሳትጥል መድፍና ባቡር የሠራች አገር ናት። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ቀደም ብለው ስለ ጃፓን ጽፈዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕገ መንግሥቱ በወጣ በወራት ውስጥ ወደ ጃፓን ተጉዘው ያዩትን በመጽሐፍ አሳተሙ። ተክለ ሐዋርያትም ያቺን ሩሲያን ያሸነፈች አገር ናት የመረጡት።

ረቂቁ ለመኳንንቱ ሲቀርብ ክርክር ተነሣ። መሳፍንቱ የፈለጉት የየራሳቸው የዘር መብት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ግዛታቸው፣ በሕገ መንግሥቱ ተጽፎ እንዲጸናላቸው ነው። ቢጻፍላቸው ኖሮ ኢትዮጵያ የብዙ ትናንሽ ዙፋኖች አገር ሆና በሕግ ትታሰር ነበር። አልተጻፈላቸውም። የዘር ወራሽነት በሕጉ የተጻፈለት አንድ ዙፋን ብቻ ሆነ፤ እሱም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዙፋን ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ደረሰ። ዘውድ ከተጫነ ዘጠኝ ወር እንኳ አልሞላም። መሳፍንቱ፣ መኳንንቱ፣ ካህናቱና የውጭ አገር መልእክተኞች ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ፈረሙ፤ መኳንንቱም ተከትለው ፈረሙ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተነሥተው ሕገ መንግሥት ምን ማለት እንደሆነ፣ ለምን እንዳስፈለገ ለጉባኤው በሰፊው አስረዱ። ከተጉለት የተነሣው፣ በልጅነቱ አድዋ የዘመተው ሰው፣ በዚያ ቀን ለዘመናት በአብዛኛው በልማድ የኖረውን አገዛዝ በ55 አንቀጽ አስሮ አቀረበ።

አሁን ውስጡን እንየው፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የንጉሡ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ ነው፤ ክብሩ አይደፈርም፤ ሥልጣኑ አይነቀፍም ይላሉ። ጦር የሚያዝ እሱ፣ ሹመት የሚሰጥ እሱ፣ ምክር ቤቱን የሚከፍት የሚዘጋው እሱ ነው። ሕዝቡ በሦስተኛው ምዕራፍ ይመጣል። ከሕግ ውጭ ማንም አይታሰርም፤ ሕግ ካልፈቀደ ቤቱ አይበረበርም፤ ደብዳቤው አይከፈትም፤ ለሕዝብ ጥቅም ካልሆነ ንብረቱ አይወሰድበትም፤ ለመንግሥት አቤት የማለት መብት አለው። ቀጥሎ ግን የምዕራፉ መዝጊያ አንቀጽ ይመጣና በጦርነት ወይም በአገር መከራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉትን ከማድረግ እነዚህ መብቶች አያግዷቸውም ይላል። መብቱ ተሰጠ፤ ቁልፉ ከሰጪው እጅ አልወጣም።

በአራተኛው ምዕራፍ ሁለት ምክር ቤት ቆመ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። መወሰኛው ለረጅም ዘመን ካገለገሉ መኳንንት ንጉሠ ነገሥቱ የሚመርጡት ነው። ማንኛውም ሕግ በምክር ቤቶቹ ሳይመከርበትና በንጉሠ ነገሥቱ ሳይጸና አይሠራም ተባለ። የመጨረሻው፣ 55ኛው አንቀጽ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩን የራሳቸውን ቤት ይመለከታል፤ የመንግሥት ገንዘብ ከየትም ይምጣ ከየት፣ በየዓመቱ በሚቆረጠው በጀት መሠረት ካልሆነ አይወጣም ይላል። ግምጃ ቤትና የንጉሥ ኪስ አንድ በነበሩበት አገር ይህ ትልቅ ቃል ነው። እኔ የተክለ ሐዋርያትን እጅ ከሁሉ በላይ የማየው እዚህ አንቀጽ ላይ ነው።

ወደ 32ኛው አንቀጽ ልመልሳችሁ። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት የሕዝብ ወኪሎች ቤት ይሆናል ተብሎ የታሰበ ነው። ታዲያ ወኪሎቹን ማን ይመርጣቸዋል? አንቀጹ የሚለው ይህን ነው፤ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ፣ ለጊዜው፣ መኳንንቱና የየአገሩ ሹሞች ይምረጡለት።

ይህን አንቀጽ በጭፍን የሚያወግዝ ሰው ዘመኑን ያላሰበ ነው። አገሪቱ ሕዝቧን ቆጥራ አታውቅም። መንገዱ የበቅሎ መንገድ ነው። ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነው፤ ባርነት ገና ከሥሩ አልተነቀለም። አርቃቂው ንጉሡን ማስፈረም ነበረባቸው፤ መኳንንቱንም ማስፈረም ነበረባቸው። ሁሉንም ባንዴ ቢጠይቁ ምንም ሳያገኙ ይቀሩ ነበር። ሕዝብ ራሱ ይመርጣል የሚለው ሐሳብ በዚያች በአንዲት አንቀጽ ሥር ተሸሽጎ ቢሆንም በኢትዮጵያ ንጉሥ ማኅተም ሥር ገባ። ይህ የተክለ ሐዋርያት ሥራ ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል።

ቅሬታዬ ግን አለ፤ ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ። ዳኛ ቀጠሮ ሲሰጥ ቀን ይቆርጣል። ባለጉዳዩ ቀኑን ይዞ ይመለሳል፤ ዳኛው ባይገኝ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ቀን ያልተቆረጠለት ቀጠሮ ግን ባለጉዳዩን ደጅ ያስጠናዋል። 32ኛው አንቀጽ ለሕዝቡ ቀጠሮ ሰጠ፤ ቀን አልቆረጠም። ሕዝቡ መቼ ነው የሚችለው? መቻሉንስ የሚመዝነው ማነው? መዛኙ ያው መምረጡን የያዘው ሹም ነው። ሹሙ ደግሞ ሕዝቡ ችሏል ያለ ቀን የራሱን ሥልጣን ያጣል። እንዲህ ያለ መዛኝ ሚዛኑን መቼም አያነሳም።

ጃፓንን ቀዱ ብያችኋለሁ። ከጃፓን ያልተቀዳውን ልንገራችሁ። የጃፓን ሕዝብ ምክር ቤት ይቋቋም ብሎ ሲጮኽ፣ እ.ኤ.አ. በ1881 የሜይጂ ንጉሠ ነገሥት ዐዋጅ አወጡ። ዐዋጁ አንድ ቀን ምክር ቤት ይኖራችኋል ብሎ አላለፈም፤ እ.ኤ.አ. በ1890 ይከፈታል ብሎ ዓመቱን ቆረጠ። ዘጠኝ ዓመት። በዚያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ኢቶ ሂሮቡሚ አውሮፓ ሄደው የፕሩሲያንና የኦስትሪያን ሕግ አጠኑ፤ ተመልሰው አረቀቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1889 ሕገ መንግሥቱ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1890 ምርጫ ተደረገ። የመራጩ ቁጥር ትንሽ ነበር፤ አሥራ አምስት የን ግብር የሚከፍሉ፣ ሃያ አምስት ዓመት የሞላቸው ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ከመቶ ሰው አንዱ ቢሆን ነው። የጃፓንም ሕገ መንግሥት ለንጉሥ ያደላ ነው፤ ኋላም ጦረኞች ተጠቅመውበታል። ቀኑ ግን ተቆርጦ ነበር፤ ቀኑም ተከበረ። አንዴ ምርጫ የለመደ ሕዝብ በየጊዜው በሩን እያሰፋ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ለአዋቂ ወንዶች ሁሉ የመምረጥ መብት አገኘ። የእኛዎቹ የጃፓንን ምዕራፎች ቀዱ፤ የጃፓንን የቀን መቁጠሪያ ግን አላመጡም።

በ1924 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ተከፈተ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ሹሞች የላኳቸው ሰዎች መጡ። ሥራቸው በአብዛኛው የቀረበላቸውን መስማትና መስማማት ነበር። ቢሆንም ከአራቱም ማዕዘን የመጡ ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጠው ስለ አገር ሕግ መነጋገራቸው አዲስ ነገር ነው፤ አልንቀውም።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ግን አብረው ብዙ አልቆዩም። በመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደ አውሮፓ ተላኩ። ኅዳር 26 ቀን 1927 በኦጋዴን፣ ወልወል ላይ የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ወታደሮች ተጋጭተው ደም ፈሰሰ። የኢጣሊያው መሪ ሙሶሊኒ ሰበብ አገኘ። ሕግ ያረቀቁት ሰው አሁን በማኅበሩ መቀመጫ፣ በዠኔቭ ቆመው በሕግ ተሟገቱ። ማኅበሩ ራሱ የቆመበት ቃል ኪዳን አለ፤ አንዱ አባል ሲጠቃ ሌሎቹ ይቆሙለታል ይላል። ተክለ ሐዋርያት ማስታወሻ በማስታወሻ ላይ እየጨመሩ ያን ቃል አስታወሱ። ከፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ከጋስቶን ዤዝ ጋር ሆነው ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ላቀረበችው ክስ መልስ ሰጡ። ዤዝ ሲናገሩ የኢጣሊያው መልእክተኛ ባሮን አሎይዚ አዳራሹን ጥለው ወጡ።

ይህ ከሆነ ከወር ገደማ በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን ጥሳለች ብሎ ፈረደ። ኅዳር ላይ ማዕቀብ ተጣለ፤ ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ውጭ ሆነ። ያ ነዳጅ የአይሮፕላኑን ሆድ ሞልቶ የመርዝ ጋዝ በወገናችን ላይ አዘነበ። ቃል ኪዳኑ እውነት ነበር፤ ዳኞቹም መሰከሩለት፤ የሚፈጸምበት ቀንና ክንድ ግን አልነበረውም። በገዛ አገራቸው ሕግ ውስጥ ሳይቆረጥ የቀረው ቀን፣ አሁን በዓለም ሕግ ውስጥ ጎድሎ አርቃቂውን ራሳቸውን ከነአገራቸው ደጅ አስጠናቸው።

አገር ተያዘች። ተክለ ሐዋርያት ለስደት ተዳረጉ፤ እስከ ማዳጋስካር ደረሱ። ነፃነት ሲመለስም ለብዙ ዓመት ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ቆይተው ሲመጡ ከቤተ መንግሥት ርቀው ሐረርጌ፣ ሂርና፣ በእርሻቸው ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» የሚለውን ልብ ወለድ የጻፉት ናቸው፤ ብዕር ከቤቱ አልጠፋም።

ያ ቀጠሮስ? ምክር ቤቱ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ቆመ፤ ሕዝቡ ግን አሁንም አይመርጥም። ጥቅምት 24 ቀን 1948፣ በዘውዱ 25ኛ ዓመት በዓል፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ያኔ ነው ሕዝቡ፣ ሴቶችም ጭምር፣ የሕግ መምሪያውን ምክር ቤት አባላት በድምፁ ይመርጣል የተባለው። ምርጫው ራሱ ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ተደረገ። ቆጥራችሁ ድረሱበት፤ ለጊዜው የተባለው ነገር ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ወሰደ። በሐምሌ 1923 የተወለደ ሕፃን ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዶ ነው ድምፅ የሰጠው። የመረጠውም ፓርቲ የሌለበት፣ ሚኒስትር ሊያወርድ የማይችል ምክር ቤት ነው።

ሕዝቡ ከዚያ በላይ አልጠበቀም። በ1966 ተማሪው፣ ወታደሩ፣ የታክሲ ነጂውና መምህሩ ሲነሣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ሕገ መንግሥት የሚያረቅቅ ጉባኤ አቆሙ። አሁን ቀን ተቆረጠ፤ ስድስት ወር። ረቂቁም ተዘጋጀ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ምክር ቤት እንዲጠየቅ የሚያደርግ ነበር። ሊጸድቅ ሳይደርስ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለአርባ ሦስት ዓመት ያልተቆረጠው ቀን ሲቆረጥ፣ የሚጠብቅለት ሰው አልተገኘም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ይህን ሁሉ በሕይወት አዩ። ሥልጣኑ አይነቀፍም ብለው ያረቀቁለት ዙፋን ሲገለበጥ አዩ። በ1969 ዓ.ም.፣ ዘጠና ዓመት አልፏቸው ዐረፉ። በእጃቸው የጻፉት የሕይወት ታሪክ ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለአንባቢ ደረሰ፤ ፈልጋችሁ አንብቡት።

እንግዲህ የታሪኩ ጫፍ ወረዳችሁ ደጃፍ ይደርሳል ያልኳችሁን ላምጣው።

ዛሬ የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ነው፤ 106 አንቀጾች አሉት። በዚህ ሕገ መንግሥት ሉዓላዊ ሥልጣን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው፤ ሕዝቡ ለመምረጥ ይችላል አይችልም ብሎ የሚመዝን ሹም በጽሑፍ የለም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ጀሞ፣ ለቡ፣ ሳሪስ፣ መካኒሳ ያላችሁ ሰዎች ካርዳችሁን ይዛችሁ ተሰለፋችሁ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ከወጣ 90 ዓመት ሊሞላው 25 ቀን ሲቀረው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰልፉ ረዝሞ እስከ ማታ የቆመ ብዙ ነበር። 32ኛው አንቀጽ መምረጥ እስኪችል ብሎ ያቆየው ሕዝብ ይኸው ነው።

ያን ቀን የመረጣችሁት ግን የተወካዮች ምክር ቤትንና የከተማውን ምክር ቤት ነው። የወረዳችሁን ምክር ቤት አልመረጣችሁም። መታወቂያ የምታወጡበትን፣ የሰፈራችሁ ውሃ፣ መንገድና የቤት ጉዳይ የሚያልፍበትን ወረዳ የሚመራው፣ ከሁሉ ለእናንተ የሚቀርበው ምክር ቤት እሱ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ለእሱ ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ የተሰጠው ሚያዝያ 2005 ነበር። በ2010 መታደስ ሲገባው ተራዘመ፤ በ2011 እንደገና ተራዘመ፤ በ2013ም ለወረዳ የሚሆን የድምፅ መስጫ ሳጥን አልቀረበም። የተሰጠው ምክንያት የጸጥታና የዝግጅት ነገር ነው። ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በ1923ም የተሰጠው ምክንያት እውነት ነበረው። ቀጠሮን የሚያበላሸው የምክንያቱ ውሸትነት አይደለም፤ ቀኑ አለመቆረጡ ነው።

በ2014 የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተቋቁሟል። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል፣ አይሻሻል የሚለው ጉዳይም አገር ከሚነጋገርባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ነገ ከመካከላችሁ አንዱ፣ ወይም ልጃችሁ፣ እንደ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ብዕር ይዞ ይቀመጥ ይሆናል። እሳቸውን እንዲንቃቸው አልፈልግም። አውሬ የሚያናግሩበት ተውኔት የታገደባቸው፣ የዠኔቭን አዳራሽ በእውነት የተጋፈጡ፣ የንጉሥን ግምጃ ቤት በበጀት ለማሰር የደፈሩ ሰው ናቸው። ድፍረታቸውን ይውሰድ። ሁሉን ባንዴ ማግኘት የማይቻል ከሆነ የሚቻለውን ማግኘታቸውንም ይውሰድ።

የሚቀረውን ግን በደንብ ይያዝ። ለሕዝብ የሚሰጥ ማንኛውም ነገር ወደፊት ነው ከተባለ ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ አብሮ ይጻፍ። ቀኑ ሲደርስ ያልፈጸመው ሹም ማን ዘንድ እንደሚጠየቅም ይጻፍ። እኛም ቀን ያልተቆረጠለት ተስፋ ሲነበብልን አጨብጭበን አንበተን፤ ቆመን መቼ እንበል። የነፋስ ስልክ ላፍቶ ሰዎች፣ የወረዳ ምርጫችሁ መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ቀኑ እስኪቆረጥም መጠየቃችሁን አታቋርጡ።